ለእንዝርት ይረዝማል

«እጁ ሰለለ አሉ» ይላል አናጢው ጋሽ ገብረአብ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። የአባቴን ተማሪ፣ ዘርአ ዳዊትን ማለቱ ነው። ዜማውን ጥሎ ሸገር ሄዶ ባንድ ውስጥ ገባ፤ አባቴ መሪጌታ ወልደኪዳን ረገመው፤ ወር ሳይሞላ ቀኝ እጁ ሰለለ። በተናገረው ቁጥር ወሬው እንደ ጣውላ እየተላገ ያምራል።

«በዓይንዎ አይተዋል ወይ?» እለዋለሁ። አላየም፤ ያዩ ሰዎች ናቸው የነገሩት። እስቅበታለሁ። ቀኝ እጄን ግን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

የሠራልኝ ስምንት የድራም ዱላ፣ የባንድ ልጆች ስቲክ የሚሉት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሁሉም ወይራ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባንድ ፈተና አለኝ፤ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፣ የራሱን ዱላ ያልያዘ አይገባም። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል። እስከ ዛሬ የመታሁት ጀሪካን ነው፣ በማማሰያ። አስተማሪዬም ስልኬ።

አንድ በአንድ አንከባልላቸዋለሁ። ቀጥ ያለው እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ጠማማው ይዘላል። አምስቱ ዘለሉ። የቀሩትን ሦስቱን ጆሮዬ ሥር አጋጫለሁ። አንዱ ዶማ ነው፣ ድምፁ የታፈነ። ሁለቱ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። እነዚህ ናቸው።

በሩ ይጨልማል። አባቴ ጥምጥሙ ጉበኑን እንዳይነካው ጎንበስ ብሎ ይገባል።

«ይግቡ የኔታ» ይላል ጋሽ ገብረአብ፤ ድምፁ ቀጥኗል። በዚህ ሁሉ የደብረ ብርሃን ብርድ ጀርባዬን ያልበኛል። አባቴ ወደ እጄ ያያል። ዱላዎቹን ይሁን እጄን አላውቅም። ጣቶቼ የደነዘዙ ይመስለኛል።

«ምንድን ነው ሥርጉት?»

«የሷ ምላስ ለቀበሌው ሁሉ ይበቃል» ይሉኛል። ዛሬ ለእኔም አልበቃም።

«እንዝርት ነው» እላለሁ። «ለእማዬ።»

ሁለቱን ተቀብሎ በመዳፉ ይመዝናቸዋል። ዝም ይላል። ዜማ የሳተ ተማሪ ራሱን እስኪያርም ሲጠብቅ ነው እንዲህ ዝም የሚለው። እኔ አላረምኩም።

«ለእንዝርት ይረዝማል» ይላል በመጨረሻ።

ጋሽ ገብረአብ ሌላ ቃል አይጠብቅም፤ መጋዙን ያነሳል። ዱላዎቹን ከአባቴ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ አንዴ ቀና ብሎ ያየኛል። «ተው» ካልኩት ይተዋል። አባቴ አጠገቤ ቆሟል። መጋዙ ወይራውን ሲበላ ጥርሴ ሥር ይሰማኛል። ሁለቱም ከወገባቸው ይቆረጣሉ፤ ቁራጮቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ።

አባቴ ለቅሞ በሁለት እጁ ይሰጠኛል። ነጠላውን አስተካክሎ ወደ በሩ ይሄድና ይቆማል።

«እኔስ የዛሬውን የባንድ ፈተና ሰምቼ፣ ዱላው ለዚያ መስሎኝ ነበር» ይላል። «ወይራ ለጀማሪ ክንድ ይከብዳል፤ ቀለል ባለ እንጨት ሥራላት ልለው ነበር አመጣጤ።»