ጥቁሩ አስር የን

«እማዬ፣ እዪው! ጠርዙ ጥርስ አለው፤ በዕድሜ አንቺን ያስከነዳል» አለች ሚሆ፣ የሳንቲም አልበሟን ለእናቷ ገልጣ። ከሚያብረቀርቁት ባለ አስር የን ሳንቲሞች መሃል አንዱ ከስሎ ጠቁሯል።

እናቷ ካዙኤ ሳንቲሙን አወቀችው። ሳንቲሙ የባሏ አባት አስከሬን ሲቃጠል አብሮ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ከእሳቱ የተረፈ ነበር። ባሏ ያለ እሱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አያውቅም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአባዬ የክታብ ከረጢት። አትቆጪ እንጂ! በምትኩ አዲስ ከትቼለታለሁ፤ ክብደታቸው አንድ ነው፣ አያውቅም።»

ካዙኤ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማዕበሉ የወደቡን ግንብ መዝለል ጀምሯል። ጠዋት ባሏ ደረቱ ላይ ያለውን ከረጢት መታ መታ አድርጎ፣ «አባቴ አብሮኝ ነው፤ ዛሬ ራቅ እላለሁ» ብሎ እየሳቀ ነበር የወጣው።