ተሸናፊ ይነሳል

ሕንፃው የተደረመሰው ከምሳ በኋላ ነው። ጌም ቤቱ ምድር ቤት ስለነበረ የላዩ ሁሉ መጥቶ የተከመረው እነሱ ላይ ነው። ደግነቱ ደንበኛ ገና አልገባም ነበር። ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ናቸው፤ ታላቁ የቤቱ ባለቤት፣ ታናሹ ደግሞ እስካሁን ማንም ከወንበሩ ያላስነሳው ተጫዋች።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ ሕግ ነበር፦ ተሸናፊ ይነሳል። የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክባል፣ ወንበሩን ይለቃል፣ ይወጣል። ጭቅጭቅ የለም።

አሁን ግድግዳውም የለም።

ታላቁ ዓይኑን ሲገልጥ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በጀርባው ተንጋልሏል። አንድ እጁ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር ተቀርቅሯል፣ ሌላኛውን ፍርስራሽ ውጦታል፣ አንገቱን ማዞር አልቻለም። ጭኑ ላይ ድንጋይ የመሰለ ከባድ ነገር ተጭኗል። ከዚያ በታች እግሩ ይኑር አይኑር አያውቅም።

"ማሙሽ!"

"አለሁ።" ድምፁ ቅርብ ነው። "ደግሞ ማሙሽ አትበለኝ፣ ጢም አውጥቻለሁ።"

"ተጎዳህ?"

"ከዚህ መነቃነቅ አልችልም፣ ጋሼ።"

"ምን ይዞህ ነው?"



"ጭንህ ላይ ያለውን ነገር አትነካካው። አትወራጭ። እሱ ትንሽ ከተንሸራተተ አለቀልን።"

ታላቁ ገባው። የድንጋዩ ሌላኛው ጫፍ የወንድሙን ጣሪያ ደግፎ ይዟል ማለት ነው። ጥርሱን ነከሰ። እግሩ ይቆረጥ እንጂ አይነቃነቅም።

ፍርስራሽ ሥር የገባ ሰው እንቅልፍ ከወሰደው አይመለስም ሲባል ሰምቷል። ማሙሽን የሚያነቃው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለ ፊልምና ስለ ጌም የማይረባ ነገር ሲወራ መስማት።

"እኔ የምልህ፣ የአሁኖቹ አክሽን ፊልሞች ከድሮዎቹ በጣም ይሻላሉ።"

"ኧረ በናትህ! ይሄን ሰው ፊት እንዳትናገር። ካሜራማኑ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል፣ ማን ማንን እንደመታ ሳታይ ያልቃል። ጨለማ፣ ጩኸት፣ አቧራ። ይሄ ፊልም ነው?"

"እኛ አሁን ያለንበት ነዋ።"

ታናሹ ሳቀ። ድንጋዩም አብሮ የሳቀ ይመስል ጭኑ ላይ ተርገፈገፈ። ታላቁ ትንፋሹን ዋጠ። አልወደቀም።

"ጌምስ ቢሆን?" አለ ታላቁ ቀጥሎ። "ዘንድሮ መውጫው በቢጫ ቀለም ተቀብቶ ይጠብቅሃል። አትደናበርም።"

"እሱ ነው እኮ ያበላሸው! ተጫዋቹን ጡጦ አጠቡት። ራሱ ፈልጎ ካልወጣ ምኑን ተጫወተ?"

"እዚህ ቢጫ የሚቀባ ቢገኝ ግን አልጠላም።"

ታላቁን ብርድ ብርድ አለው። ሥሩ ያለው ወለል ረጥቧል። የሆነ ቧንቧ ፈንድቷል።

ከታናሹ ድምፅ ኋላ ኮንክሪት ተንኳኳ፣ አቧራ ተራገፈ፣ ክር የመሰለ ብርሃን ገባ። የሰው ድምፅም ተከተለ።

"ማነው እዚያ? ቀዳዳው ሰው ያሾልካል! በደረቱ መሳብ የሚችል አሁኑኑ ይውጣ፣ ላዩ ብዙ አይቆይም!"

"ማሙሽ፣ ውጣ!"

"አልችልም አልኩህ እኮ።"

"ሞክር! እማዬን ምን ልላት ነው? በሞቴ ትንሽ ሞክር!"

"ጋሼ፣ የቤቱ ሕግ ምን ይላል? ተሸናፊ ነው የሚነሳው። እኔ መቼ ተሸነፍኩ?" ከዚያ ወደ ብርሃኑ ጮኸ። "እናንተ ግቡ! ቶሎ በሉ!"

ታላቁ እንባው በአቧራው ላይ ሲወርድ ተሰማው። ልጁ በእሱ ቤት፣ በእሱ ጌም ቤት ሊሞትበት ነው። ና ቁጭ በል፣ ዛሬ ደንበኛ የለም ብሎ የጠራው እሱ ነው። እንደምንም ክርክሩን ይቀጥል እንጂ ዝም ማለት የለበትም።

"ጌም ላይ የምወደው... ምን መሰለህ... ብትመታም ከግድግዳ ጀርባ ትንሽ ቁጭ ካልክ ደምህ ራሱ ይሞላል።"

መልስ የለም።

"ማሙሽ! እንዳትተኛ!"

"እሱ ውሸት ነው።" ድምፁ ቀጥኗል። "ከሁሉም የሚያናድደኝ ውሸት እሱ ነው።"

ድንጋዩ ከበፊቱ ይልቅ ከበደ። ልጁ እየደከመ ነው፣ አለ ታላቁ በልቡ። የራሱም ዓይን አልገለጥ እያለ አስቸግሮታል። ወዲያው ጭኑ ላይ ያለው ነገር ጠበቅ አድርጎ ሲጫነው ጮኸ።

"ጎሽ፣ ጩህ!" አለ ታናሹ። "ቀጥል። ከኋላው ሁሉ ነገር እየፈነዳ ዞር ብሎ ሳያይ የሚሄደው ጀግናስ?"

"እሱማ... ያምራል።"

"ምኑ ነው የሚያምረው? ኋላ የቀረ ሰው ቢኖርስ? ሰው ያለው ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፣ ጋሼ።"



"እሺ፣ አሸነፍከኝ" አለ ታላቁ በመጨረሻ።

"በቃ፣ አንተ ነህ የምትነሳው።"

የነፍስ አድን ሠራተኛው ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ በደረቱ እየተሳበ ደረሰ።

"እሱን አስቀድመው!" አለ ታላቁ በቀረችው አቅሙ። "የተያዘው እሱ ነው! እኔ ደህና ነኝ!"

ሰውዬው መብራቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረ።  ከዚያ ተጠግቶ ለታናሹ በለሆሳስ ተናገረ።

"ጎበዝ። በቃ ልቀቅ፣ ከዚህ በኋላ ቁስሉን እኔ እጫነዋለሁ።"

ድንጋዩ ከታላቁ ጭን ላይ ተነሳ፤ ዐሥር ጣቶች ነበሩት።