ጃፓን አልበላም አለ

«ዛሬም አልነካውም!»

ዘቢብ ሳህኑን ይዛ ግቢው መሀል ቆማለች… የአጥንቱ መረቅ ረግቷል።

ውሻው አጥሩ ስር ተጋድሟል። አኪታ የሚሉት ግዙፍ ውሻ ነው። ዘሩ ከጃፓን ስለሆነ ስሙንም «ጃፓን» ብለውታል።

ጀርባው ላይ ይጠቀለል የነበረው ጅራቱ አሁን መሬት ላይ ተዘርግቷል… ጎድኑ ይቆጠራል።

ባለቤቱ አቶ ፍሰሃጽዮን ቤተሰቡን ይዞ ከመቀሌ ሲለቅ፣ ለውሻው ጥሩ ቤት የሚሰጠው ሰው ፈለገ። ዘቢብ ወሰደችው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ የሚቀበላት አልነበረም።

«አደራ… እንደ ልጄ ነው ያሳደግኩት፣ በእጄ እያጎረስኩ» ብሏት ነበር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ።

ጥሬ ስጋ ሰጠችው… እምቢ።

ወተት… እምቢ።

ዳቦ በቅቤ… ፊቱን አዞረ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አየው።

«በሽታ የለበትም። ግን እንዲህ ከቀጠለ… ነገ መጥቼ መርፌ ብወጋው ይሻላል። አይሰቃይ።»

ምን መርፌ እንደሆነ አልጠየቀችም። ገብቷታል።

«ከዚህ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ አይወጣም!» አለችው።

ጎረቤቷ ሰርካዲስ በአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ዘቢብ ሓፍተይ፣ እህቴ… ለሰው ያልተገኘ ስጋ ቀርቦለት ጭራሽ ይኮራል?»

«ተዪኝ እባክሽ።»

«በእንግሊዝኛ ለምኚው እንጂ! የሀብታም ውሻ አይደል?»

ዘቢብ ሳህኑን ውሻው አጠገብ አስቀምጣ፣ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

ሂዳያ ናት። ከወሎ መጥታ በየሰፈሩ ሽንኩርት እያዞረች የምትሸጥ ልጅ።

«እትዬ፣ ፀሐዩ ገደለኝ… ጥላው ላይ ትንሽ ልቀመጥ?»

«ግቢ።»

«ውሻው ይናከሳል?»

«የሚናከስበት አቅም የለውም…»

ሂዳያ ግን አላመነችም። በሩ ስር ተቀመጠች። ከፌስታሏ ዳቦ አወጣች… ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከመቅመሷ በፊት…

«ቢስሚላህ» አለች።

የውሻው ጆሮ ወደ እሷ ዞረ።

ራሱን አነሳ… እየተንገዳገደ ቆመ…

«ወይኔ! መጣብኝ!» ዳቦዋን ጥላ ተነሳች።

ወደ እሷ አልሄደም። ወደ ሳህኑ ሄደ።

በላ! መረቁን ላሰ… አጥንቱን ቆረጠመ…

«ዋእ!» አለች ሰርካዲስ ከአጥሩ ማዶ። «ሙስሊም ነው እንዴ?»

«ኧረ እትዬ! እኛ ውሻ ቤት አናስገባም!» አለች ሂዳያ፣ በሩን እንደያዘች።

ዘቢብ እየሳቀች ታለቅሳለች። ስልኳን አንስታ ፍሰሃጽዮን ጋር ደወለች።

«እውነቱን ንገረኝ… ይሄን ውሻ ማን ነበር የሚያበላው?»



«ዘበኛው ነዋ። አብዱልወዱድ የሚባል የወሎ ሰው። አብረው ነበር የሚበሉት። ከመብላታቸው በፊት ምን እንደሚለው እንጃ… ምግብ ቀርቦለት እንኳ እሱ ሳይፈቅድለት አይነካም ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ስንለቅ አሰናበትነው። ስልኩም የለኝም…»

«ውሻውን እንዲወስደው አልጠየቃችሁትም?»



«እሱ ራሱ ለምኖን ነበር። ግቢው በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኛ ግን… ይሄን የሚያህል ውድ ውሻ ለዘበኛ እንዴት ይሰጣል ብለን…»

ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጃፓን ይበላል። ዘቢብ በስመ አብ ብላ ታማትብና፣ ቀጥላ ለእሱ «ቢስሚላህ» ትላለች። ሰርካዲስ በአጥሩ በላይ ትስቅባታለች… ትሳቅ።

ግን ሳህኑን ከጨረሰ በኋላ፣ በየቀኑ፣ ሄዶ በሩ ስር ይተኛል። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ…

ዘቢብ አብዱልወዱድን እያፈላለገች ነው። ሂዳያም የወሎ ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቃለች።

ያገኙት ቀን… የዘቢብ ግቢ ተመልሶ ባዶ ይሆናል። ታውቀዋለች። ፍለጋውን ግን አላቆመችም።

ወገኖቼ… እኛ «ጥሩ ቤት» የምንለው የግቢውን ስፋትና የባለቤቱን ኪስ አይተን ነው። የሚወድ ፍጡር ግን ቤቱን የሚያውቀው አብሮት በሚበላው ሰው ነው።

እናንተ በዘቢብ ቦታ ብትሆኑ… አብዱልወዱድን ትፈልጉት ነበር? ወይስ ዝም ብላችሁ በሩን ትዘጉ ነበር?

እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ…