የመርዶ ዋዜማ

«ቲያትር የተማረ ሰው እንባውን እንደ ቧንቧ ነው የሚዘጋው» የሚለው ወሬ የሁሩታን ከተማ ያዳረሰው በወሬኛዋ ጎረቤት በሸዋዬ አፍ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ አምነው፣ እማማ ፋናዬን የልጃቸው መርዶ ጎህ ሲቀድ እስኪነገራቸው ድረስ እንዲያጫውት፣ ከልጁ ጋር የዘመተውን ተዋናይ ላኩት።

«ልጄስ?» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

«ሰላም በልልኝ ብሎኛል፣ እማማ። ወፍሮልዎታል።»

«ወታደር ሆኖም እንደ ዳክዬ ነው የሚራመደው? እስቲ አሳየኝ።»

ተነሣ። ጓደኛው ሰልፍ ላይ አሥር አለቃውን የሚያበሳጭበትን፣ ግራ ትከሻን ጣል ያደረገ አረማመድ ከበሩ እስከ መደቡ ሄደው። ፊቱ ይስቅ ነበር። እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ድገመው» አሉት። ደገመው። «አሁንም» አሉት፤ አሁንም ሄደ።

ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«በቃ ተቀመጥ፣ ልጄ፤ ደክሞሃል። እኔ ከዓርብ ጀምሮ አውቃለሁ።»