የአበልጅ ቢራ

ባይሳ ወንበሩን ስቦ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ወደቀ፤ እንደጎነበሰ ቀረ። ወንዳፍራሽ ፊት የቆመው ቢራ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ነው።

«ተቀመጥ እንጂ አበልጄ፤ ምን ያስቆምሃል?» አለው ወንዳፍራሽ።

ተቀመጠ። ሱሉልታ ውስጥ ሁለቱን የሚያውቅ ሁሉ የሚጠጡትንም ያውቃል። ባይሳ ወተት ሻጭ ነው፤ ከተማው ጫፍ ላይ ላሞች ያረባል። ወንዳፍራሽ፣ አባቱ ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። የባይሳን የበኩር ልጅ ኦዳን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ሮማነወርቅ ግሮሰሪ እየተገናኙ ባለ ቀይ ወረቀቱን ቢራ ሲጠጡ ኖረዋል። ኦዳ አሁን ጢም አብቅሏል።

ዘንድሮ ግን ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ ወሬ መጣና ቢራውን በብሔር አከፋፈለው። ቀዩ የነወንዳፍራሽ፣ ነጩ የነባይሳ ተባለ። የባይሳ የወንድም ልጅ ዲሪርሳ ሳይቀር «አጎቴ፣ የነሱን ይተዉ፤ ሰው እያየዎት ነው» ብሎ መጥቶ ነበር። ባይሳም «እኔ የምጠጣው ከአበልጄ ጋር ነው፤ ከፋብሪካ ጋር አይደለም» ብሎ አሰናብቶታል።

ታዲያ አሁን ይኼ ምንድን ነው?

ሮማነወርቅ ጠረጴዛውን በጨርቅ እየወለወለች፣ «እንደወትሮው ላምጣልዎ፣ ኦቦ ባይሳ?» አለች። ወንዳፍራሽ ቀና ብሎ አየው። ባይሳ አስተያየቱን አልወደደውም።

«እንደወትሮው» አላት።

ሊያሾፍብኝ ይሆን? ወይስ ፈርቶ? ሰሞኑን የወንዳፍራሽ የሱቅ ጎረቤት ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቷል። ይኼም መሄጃውን አሰናድቶ፣ እስኪሄድ ሰላም ልግዛ ብሎ ይሆናል ነጩን ያዘዘው። ፈርቶስ ከሆነ የፈራው ማንን ነው? የከተማውን ጎረምሶች ነው ወይስ እኔን?

ቀዩ ቀረበ። ቀድቶ ተጎነጨ፤ መረረው። በዲሪርሳ ሰርግ የቀረበው ነጩ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰው ላለማስቀየም ብሎ ጠጣ፤ ሁለተኛውን ግን ማንም ሳይጋብዘው ራሱ ተነስቶ ነው ያመጣው። ለስላሳ ነው፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ከዚያ ወዲህ ቀዩ አፉ ላይ እምቢ ብሎታል። ይህን ከሚስቱ ከያለምወርቅ በቀር ለማንም አልተናገረም።

«መረረህ እንዴ?» አለ ወንዳፍራሽ።

«ምን ይመረኛል? ይልቅ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ነጭ የጀመርከው?»

«ዛሬ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሰው ታዞ ነው እንዴ ቢራ የሚጠጣው?»

«ዘንድሮማ አዎ።»

ከጎናቸው ተቀምጠው ነጩን የሚጠጡት ወጣቶች ወሬያቸውን ቀነስ አደረጉ። ባይሳ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንዲ፣ ፈርተኸኝ ነው?»

«አንተን?»

«እኔን። ስለ እኔ አንድ ነገር የነገረህ ሰው አለ።»

«አለ እንጂ። ሚስትህ ናት» አለ ወንዳፍራሽ። «ትናንት ሱቅ ወተት ይዛልን መጥታ፣ ባይሳ በሰርጉ ነጩን ቀምሶ በጣም ወዶታል፣ አንተን ላለማስቀየም ብሎ ግን ቤት እንኳ አያስገባውም አለችኝ። እኔ ልጀምርና ሳያፍር ይከተለኝ ብዬ ነዋ።»

ባይሳ ቶሎ አላመነውም። ነጋዴ ነው፤ ቃል አያጣም። ፊቱን ትቶ ጠርሙሱን ተመለከተ። ከተከፈተ ቆይቷል፤ ብርጭቆው ላይ አረፋው ጠፍቷል፤ ቢራው ግን እምብዛም አልጎደለም።

«እስቲ ጠጣ» አለው።

ወንዳፍራሽ ብርጭቆውን አነሳ። ኮሶ እንደቀረበለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተጎነጨና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እንዴት ነው?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«ገብስ የታጠበበት ውሃ ነው፣ አበልጄ። ምኑን እንደወደድከው እግዜር ይወቀው።»

ባይሳ ሳቁ አመለጠው። እንዲህ ያለ ፊት በውሸት አይመጣም። ሰውየው ጎረምሳም ጎረቤትም አልፈራም፤ ለእሱ ብሎ የሚጠላውን እየዋጠ ነው። ቀዩን ወደ ወንዳፍራሽ ገፋ፤ ነጩን ወደ ራሱ ሳበ።

«ሮማን፣ ንጹህ ብርጭቆ አምጪልን።»

ወንዳፍራሽ ቀዩን ቀድቶ በረጅሙ ጠጣና እፎይ አለ። ባይሳም ነጩን ቀዳ። ቅዝቃዜው ለቆታል፤ ቢሆንም ያው የሰርጉ ጣዕም ነው። አፉን ሞልቶ ተጎነጨ።

በዚህ መሃል ከወጣቶቹ አንዱ፣ ጠርሙሶቹ ቦታ ሲለዋወጡ ዓይኑን ሳይነቅል ያየው፣ ወንዳፍራሽ ፊት ያለውን ቀዩን ተመለከተ፤ ዞሮ ባይሳ ፊት ያለውን ነጩን ተመለከተ። ሁለቱም ወደየወገናቸው ቢራ የተመለሱ መስሎት ደስ አለው። የራሱን ነጭ ጠርሙስ ወደ ባይሳ ከፍ አድርጎ፣ «ጀባዳ፣ ኦቦ» አለ ቀስ ብሎ፤ በርቱ ማለቱ ነው።

ወንዳፍራሽ አልሰማም። ፊቱ በርቶ ስለ ቆርቆሮ መወደድ ማውራት ጀምሯል። ባይሳ ወጣቱን አየው፤ ብርጭቆውን ግን አላነሳለትም። የተጎነጨው ቢራ ጣፋጭ እንደሆነ ጉንጩ ውስጥ ቆየ፤ ሊውጠው አልቻለም።