የሸፋሊ ካሜራ

«ሸፋሊ፣ ካሜራሽን ክፈቺ! ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ካስዘጋ ወዲህ መልክሽን አላየሁም። ዛሬ ካልከፈትሽ ከመዝገብ እሰርዝሻለሁ» አሉ መምህርቷ በስልኩ የቪዲዮ ትምህርት ላይ።

የሸፋሊ አባት ባጃጁን ሚርፑር አደባባይ ዳር አቁሞ ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። ቤታቸው ያለው ስልክ ይኸው አንዱ ነበር፤ ደንበኛ የሚደውለውም በእሱ ስለሆነ ለልጁ ትቶላት መውጣት አልቻለም። ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ካሜራውን ከፈተ።

«እንዴ! ሸፋሊ ጢም አበቀለች!» አለ አንዱ ተማሪ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«አባቷ ነኝ ሚስ፤ አይሰርዟት» አለና ደብተር አንሥቶ ለካሜራው አሳየ። ማንበብ ስለማይችል በስልኩ የሚታየውን የመምህርቷን ሰሌዳ እንደ ሥዕል ነበር የገለበጠው። «ማታ ስገባ ይህን አደርስላታለሁ።»

መምህርቷ ደብተሩን መስመር በመስመር አዩት።

«ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቁጥር ዘለዋል» አሉት። «ይጻፉት፤ እንጠብቅዎታለን።»