አሜን የጠበቀው አውቶቡስ

የአውቶቡሱ ሞተር ሲነሳ ወጣቷ የጨርቅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። በማታውቀው ከተማ የነርስነት ሥራ አግኝታ፣ ከቤት ስትለይ የመጀመሪያዋ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እኔ እንደሆንኩ ፈርቻለሁ» አለች በሆዷ። «ካልፈቀድክ ይኼን አውቶቡስ አቁምልኝ። ካልቆመ ግን ፈቅደሃል ማለት ነው፤ እሄዳለሁ።» ከዚያ ለእናቷ፣ ለአባቷ፣ ገና ላላየቻቸው በሽተኞች ሳይቀር ጸለየች።

ዓይኗን ስትገልጥ አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። ከመስኮቱ ማዶ ልብስ ሰፊው አባቷ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ለስንብት ያነሳውን እጁን አላወረደም፤ ደክሞት ክርኑን በሌላኛው እጁ ደግፎታል። መልሱ ይኸው ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች።

«የት ልትሄጂ ነው ልጄ?» አለ ጎልማሳው ሾፌር በመስታወቱ እያያት።

«ልወርድ ነው፣ ጋሼ። ቆመ እኮ።»

«ቆመ? እኔ ነኝ እንጂ ያቆምኩት! ስትጸልዪ አይቼ፣ አሜን እስክትዪ እየጠበቅኩሽ ነው። የሰው ጸሎት አቋርጬ መንገድ አልጀምርም።»

«ኧረ በፈጠረሽ ቶሎ በይ፣ እኛንም ሰው ይጠብቀናል!» አለች ከኋላ አንዲት ሴትዮ።

ወጣቷ ሳቋ አመለጣት። ቁጭ ብላ «አሜን» አለች። «አሜን!» አለ አውቶቡሱ ሙሉ፣ ሴትዮዋ ከሁሉም በላይ ጮኻ። ጎማው ሲንቀሳቀስ አባቷ ክርኑን ለቀቀና፣ ሲጠብቅ የቆየውን እጁን እያውለበለበ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እየተርገበገበ፣ ከአውቶቡሱ ጎን መሮጥ ጀመረ።